አሮጌው ፕሮግራምና አዲሱ መሣሪያ
(ለቡ መብራት ኃይል በተደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል። ይኸውም «ከብዙ ዓመታት በፊት በወጣ የፕሮግራም መሥሪያ መሣሪያ የተጻፈ ሶፍትዌር በእጃችን ሲገኝ፣ ወደ አዲሱ መሣሪያ እናሻግረው ወይስ ባለበት እንተወው?» የሚል ነው። ጥያቄው ለሰሚው የባለሙያዎች የእርስ በርስ ወግ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአገራችን ሁኔታ ሲመረመር፣ ከመሣሪያው ይልቅ የሰው ስምና የሰው ገንዘብ የተያዘበት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ዛሬ ለማሳየት የምሞክረውም ይህንኑ ነው።

ወደዚህ አዳራሽ የመጣችሁት በታክሲ ከሆነ፣ ረዳቱ «ለቡ መብራት ኃይል!» እያለ ሲጣራ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። መብራት ኃይል የሚባል መሥሪያ ቤት ግን ዛሬ በዚህ ስም አይገኝም። በ1948 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ተቋቋመ፤ በኋላ ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተባለ። ረዳቱ ግን አጠራሩን አላሻሻለም። ቢያሻሽል ኖሮ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ባዶ ወንበር እናይ ነበር። በፕሮግራም ሥራም ቢሆን ከውጭ ሰው የሚጠራበት ስም አንድ ነገር፣ ከውስጥ የሚሠራው አካል ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ መለወጥ የሚያስከትለውን ጣጣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በየመሥሪያ ቤቱ ስዘዋወር እስከ ዛሬ ከማገኛቸው አሮጌ ፕሮግራሞች መካከል የሚበዙት በቪዥዋል ቤዚክ 6 የተጻፉ፣ መዝገባቸውም በአክሰስ የተያዘ ነው። ቪዥዋል ቤዚክ 6 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በአጭር ጊዜ የሚለመድ፣ በደካማ ማሽን ላይ የሚሄድ፣ ከሲዲ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት የሚያገለግል መሣሪያ ስለ ነበረ፣ በዚያን ጊዜ ለነበርነው ወጣት ባለሙያዎች ታላቅ በረከት ነበር። የደመወዝ መክፈያው፣ የንብረት መቆጣጠሪያው፣ የተማሪ ውጤት መመዝገቢያው፣ የቁጠባ ማኅበሩ መዝገብ በእርሱ ተሠራ። ማይክሮሶፍት ለመሣሪያው ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2008 አቆመ። የእርሱ ባልንጀራ የሆነው ፎክስፕሮም በ9ኛው እትም ቆሞ፣ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ላይ አብቅቷል።

ድጋፍ ቆመ ማለት ግን ፕሮግራሙ ቆመ ማለት አይደለም። በቪዥዋል ቤዚክ 6 የተሠሩ ፕሮግራሞች ለመሄድ የሚያስፈልጋቸው ክፍል ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መምጣቱን በመቀጠሉ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው የደመወዝ ፕሮግራም ዛሬም ጧት ሲጠሩት አቤት ይላል። ስለሆነም «ዘመኑ አልፎበታል» የሚለው አነጋገር ብቻውን ክርክር ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። የዘመን ማለፍ ለልብስ ምክንያት ይሆን ይሆናል፤ ለደመወዝ መዝገብ ግን ምክንያት አይሆንም። እኔም በዚህ አስተሳሰብ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ።

የእኛን ጉዳይ ከሌሎች የሚለየው ፊደላችን ነው። በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይኖርብኛል፤ ወጣቶቹ አባሎቻችን ታሪኩን ላያውቁት ይችላሉና።

በቀድሞው የኮምፒዩተር አሠራር አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ብቻ ነበር። ከዚህም ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 32 ቦታዎች ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተመደቡ ናቸው። የእኛ ገበታ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናል። በዚያ ላይ እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሏ ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ ሃያው የግእዝ አኃዝ፣ ሁለት ነጥቡና አራት ነጥቡ ሲጨመሩ ለአንድ ፎንት አይበቁም። ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሠሩ ወገኖቻችን፣ ብዙዎቹም በውጭ አገር ሆነው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መላ መቱ። ከፊሎቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያም በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት። ከፊሎቹ ደግሞ የፊደሉን ግንድና እግሩን ወይም ቀለበቱን ለያይተው በሁለት ምት እንዲጻፍ አደረጉ። ይህ ሁለተኛው ዘዴ ከኢንጂነር አያና ብሩ ጀምሮ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ ለተደከመበት ችግር የቅርብ ዘመድ ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያቆብ ደግሞ ሴራ በሚባለው ሥርዐት አማርኛን በላቲን ፊደል ጽፎ በኮምፒዩተር መካከል ለማስተላለፍ የሚያስችል ደንብ አወጡ።

ሥራው የሚያስመሰግን ነበር። ችግሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ አቀማመጥ ስለ ነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ «ሰላም» በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር መሆኑ ነው። ለደብዳቤ ጸሐፊ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ደብዳቤው ታትሞ ማኅተም ከተደረገበት በኋላ ማሽኑ ውስጥ ምን እንደ ተቀመጠ የሚጠይቅ የለም። የአባላት መዝገብ ግን አይታተምና አይረሳም፤ በየቀኑ ይጨመርበታል፣ ይፈለግበታል፣ በፊደል ተራ ይደረደራል። ከዚህም ሌላ መዝገቡ የሚይዘው ቁጥሩን እንጂ ፎንቱን አይደለም። ቁጥሩ «ሀ» ነው ወይስ የላቲን ምልክት የሚለውን የሚያውቀው ፎንቱን የመረጠው ፕሮግራም ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር የአባላቱ ስም የሚነበበው በዚያ ፕሮግራም ዐይን ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትም አገር፣ በየትኛውም ማሽን አንድ ቁጥር ነው። በተግባር ወደ እኛ ጠረጴዛ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው፤ ናያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 እስኪመጣ ድረስ አብዛኛው ተጠቃሚ ያለ ተጨማሪ ፎንት አማርኛ ማንበብ አይችልም ነበር።

የቪዥዋል ቤዚክ 6 ጣጣ እዚህ ላይ ይጀምራል። መሣሪያው በሆዱ ውስጥ ቃላትን የሚይዘው በዩኒኮድ ነው። በፊቱ ላይ የሚያሳያቸው የመጻፊያ ሣጥኖች ግን በቀድሞው የኮድ ገጽ የሚሠሩ ናቸው። ዊንዶውስ ለግሪክ፣ ለዐረብ፣ ለሩስያ ፊደል የኮድ ገጽ አለው፤ ለኢትዮጵያ ፊደል ግን ከመጀመሪያውም አልነበረውም። በዚህ ምክንያት በዩኒኮድ የተጻፈ የአማርኛ ስም ወደ ሣጥኑ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። የለወጠውንም አያስታውስም። «አስቀምጥ» የሚለውን ቁልፍ ከተጫናችሁ በኋላ በመዝገቡ ውስጥ የሚቀረው የጥያቄ ምልክት ነው፤ ወደ ፊደሉ የሚመለስበት መንገድ የለም።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅሁት። አንድ የቁጠባና የብድር ማኅበር፣ ስሙን አልጠራም፣ የአባላቱን መዝገብ በዚህ መሣሪያ በተሠራ ፕሮግራም ይዞ ነበር። አስተዳዳሪው ፕሮግራሙን እንድናሻሽለው ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ የመለስኩላቸው ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብዬ ነው። ምክሬ ለጊዜው ወጪ አድኗል። በሦስተኛው ዓመት አንዲት አዲስ ጸሐፊ ተቀጠረች። ማሽንዋ አዲስ ነበር፤ የምትጽፈውም እንደ ማንኛውም የዛሬ ሰው በዩኒኮድ ነው። የአባላት ስም ላይ የፊደል ስሕተት አይታ፣ በቅን ልቡና፣ ማረም ጀመረች። በሣጥኑ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ብታይም ፎንቱ ስላልተመረጠ እንጂ ሲታተም ይስተካከላል ብላ አሰበች። የአሥራ ሦስት አባላት ስም ጠፋ። ስሞቹን የመለስናቸው አባላቱ በእጃቸው ከያዙት የቁጠባ ደብተር ላይ እየገለበጥን ነው። ከመካከላቸው አንዱ ከጥቂት ወራት በፊት ዐርፈው ስለ ነበር፣ ወራሾቻቸው ደብተሩን ፈልገው እስኪያመጡ ድረስ ገንዘቡ በጥያቄ ምልክት ስም ተቀምጦ ቆየ።

ጥፋቱ የጸሐፊዋ አልነበረም። የአሮጌው ፕሮግራም አሠራር ያልተለወጠ ቢሆንም፣ በዙሪያው ያለው ዓለም ተለውጦ ነበር። ፕሮግራሙ ሲሠራ ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት መጻፊያ ይጽፍ ስለ ነበር አደጋው አልታሰበም። ስለዚህ «አሁን ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ፕሮግራሙ የቆመበት ልማድ አሁንም አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ ያንን ባለመጠየቄ ተሳስቻለሁ።

ከዚህ በኋላ የሠራሁት ስሕተት የመጀመሪያውን የሚያካክስ ነበር። ከመፍራት ወደ መድፈር ዘለልኩና፣ መሣሪያውንም፣ መዝገቡንም፣ ፊደሉንም፣ የቀን አቆጣጠሩንም በአንድ ጊዜ ለመለወጥ ተነሣሁ።

ስለ መሣሪያው አስቀድሜ ልናገር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2002 ቪዥዋል ቤዚክን ወደ ዶት ኔት ሲያዞረው፣ አሮጌውን ጽሑፍ ወደ አዲሱ የሚያሻግር ረዳት አብሮ ሰጥቶ ነበር፤ ይህ ረዳት እ.ኤ.አ. ከ2010 እትም ጀምሮ ተነሥቷል። ስሙ ቪዥዋል ቤዚክ ይሁን እንጂ ቋንቋው ሌላ ነበር። ለምሳሌ ያህል በአሮጌው «ኢንቲጀር» የሚባለው ቁጥር እስከ 32,767 ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ በአዲሱ በዚያው ስም የሚጠራው ከሁለት ቢልዮን በላይ ይይዛል። የተቀመጡ ፋይሎችን በባይት እየቆጠረ የሚያነብ ፕሮግራም ይህን ሳያውቅ ከተሻገረ አንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ያነባል። የታክሲው ረዳት ያልሠራውን ስሕተት ማይክሮሶፍት ሠራው ማለት እችላለሁ፤ ስሙን ይዞ ቦታውን ቀየረ።

በእኔ ላይ የደረሰው ግን ከዚህ ይልቅ የቀኑ ነገር ነበር። የማኅበሩ አሮጌ ፕሮግራም ቀኑን የያዘው በቀላል ጽሑፍ ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፤ ሁሉም በእኛው አቆጣጠር። አዲሱ መሣሪያ ለቀን የተለየ ዓይነት አለው፤ እኔም ያንን መጠቀም «ትክክለኛው አሠራር» ነው ብዬ ጽሑፉን እንዲተረጉመው አዘዝሁት። ማሽኑ የአሜሪካ ልማድ የተሞላ ስለ ነበር ወሩን የሚያነበው አስቀድሞ ነው። ስለዚህ 30/02/1994፣ ማለትም ጥቅምት 30፣ ሲቀርብለት ሠላሳኛ ወር የለም ብሎ እንቢ አለ። እንቢ ማለቱስ ደግ ነበር። አስቸጋሪው የተቀበለው ነው። ቀኑ ከ12 ያልበለጠውን ሁሉ ያለ ምንም ማንገራገር ተቀበለ። 03/13/1994፣ ማለትም ጳጉሜን 3፣ ማርች 13 ሆኖ ገባ። ዓመተ ምሕረቱም የፈረንጅ ዓመት ሆኖ ተቆጠረ። የብድር ወለድ የሚታሰበው በቀን ልዩነት እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ መናገር አያስፈልገኝም።

ስሕተቱ ገንዘብ ሳይከፈልበት የተገኘው አሮጌው ፕሮግራም ሳይነሣ ሁለቱን ለአንድ ወር ጎን ለጎን ስላስኬድናቸው ብቻ ነው። ይህም የእኔ ብልኅነት አልነበረም፤ ሒሳብ ሹሟ ወይዘሮ «ልጄ፣ የአንተ ማሽን የእኔን ወረቀት እስኪመስል ድረስ የእኔን ወረቀት አልጥልም» ስላሉኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዶት ኔት ለዕብራውያን፣ ለፋርስ፣ ለሂጅራ፣ ለዩልዮስ አቆጣጠር የተዘጋጀ ክፍል አለው፤ ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የለውም። በሌላ በኩል አይሲዩ የሚባለው ለማንም ክፍት የሆነ የፕሮግራም ስብስብ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ የዛሬዎቹ የኢንተርኔት መቃኛዎችም በጃቫስክሪፕት በኩል ያውቁታል። አዲስ መሣሪያ ስንመርጥ ሌላው ዓለም የሚያደንቅለትን ከመቁጠራችን በፊት፣ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን መሆንዋን ያውቃል ወይ ብለን ብንጠይቅ የሚያሳፍር አይመስለኝም። የማያውቅ ከሆነ ያንን የሚያውቀው በእጃችን የጻፍነው አሮጌ ክፍል ነውና፣ እርሱን ከመጣላችን በፊት በጥንቃቄ መሸከም አለብን።

ክቡራንና ክቡራት፤ ከዚህ ሰፈር ብዙ ሳይርቅ የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። ስለ ባቡሩ ያለ ምክንያት አላነሣሁም። ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት በአውሮፓ ኅብረት ርዳታ አሮጌውን መስመር የመጠገን ሥራ ተጀምሮ ነበር። በመጨረሻ የተመረጠው ግን ሌላ መንገድ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር፣ ኃይሉም ኤሌክትሪክ ነው፤ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የአሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም፤ የአዲሱም በአሮጌው ላይ እንዲሁ። የመንገደኛው መነሻ እንኳ ከለገሃር ወደ ለቡ መጥቷል።

በዚህ ምሳሌ አዲሱ ከአሮጌው ይበልጣል ለማለት አይደለም። መታየት ያለበት የስፋቱ ነገር ነው። ስፋቱ ሲለያይ ጥገና የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ጭነቱን ከአንዱ አውርዶ በሌላው ላይ መጫን ነው። የጭነቱ ዝርዝር በትክክል የተጻፈ እንደ ሆነ ፉርጎው ቢለወጥም ዕቃው አይጠፋም። በእኛም ዘንድ ጭነቱ መዝገቡ ነው። ፊደሉና ቀኑ ማንም ሊያነበው በሚችል ሥርዐት ተጽፎ ከተቀመጠ፣ መሣሪያውን ዛሬ ብንለውጠው ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ብንለውጠው ልዩነቱ የወጪ ልዩነት ብቻ ይሆናል። መዝገቡ በአንድ ፕሮግራም ዐይን ብቻ የሚነበብ ሆኖ ሲቀር ግን፣ መሣሪያውን መለወጥም ሆነ አለመለወጥ አደገኛ ነው።

የፊደልን ጉዳይ ችግር አድርገው የሚቆጥሩት ኋላ ቀር አገሮች ብቻ ናቸው የሚል ካለ፣ የፓይተንን ታሪክ ይመልከት። የፓይተን ሦስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ወጣ። ከሁለተኛው ጋር የማያግባባው ዋናው ለውጥ የጽሑፍንና የባይትን ልዩነት ማጥበቁ፣ ጽሑፍ ሁሉ በዩኒኮድ እንዲሆን ማድረጉ ነበር። ሁለተኛው እትም ድጋፉ የቆመው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ነው። ታላላቅ ኩባንያዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ለመሻገር ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ወሰደባቸው ማለት ነው። እኛ በአንድ ክረምት ልንጨርሰው ማሰባችን አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልለፍ፤ አዲሱን መሣሪያ ሁልጊዜ የሚሹትን ወንድሞቼንና እኅቶቼንም ሳላስቀይም መሄድ አልፈልግምና። አዲሱ ዶት ኔት በየዓመቱ በኖቬምበር አዲስ እትም ያወጣል። ረዥም ድጋፍ አለው የሚባለው እንኳ የሚደገፈው ለሦስት ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 6ኛው እትም በኖቬምበር 2024 ድጋፉ አልቋል። ስለዚህ ወደ እርሱ መሻገር ቤት እንደ መግዛት ሳይሆን እንደ መከራየት ነው፤ ውሉ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ቋሚ ባለሙያ ለቀጠረ መሥሪያ ቤት ይህ ችግር አይሆንም። ባለሙያ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ለሚጐበኘው ትንሽ ማኅበር ግን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚኖረው የቀድሞው ፍሬምወርክ 4.8 የሚሻልበት ጊዜ አለ። ይህን ስናገር ከወጣቶቹ መካከል ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ አያለሁ፤ ግድ የለም። ማሽን የመለወጥንም ጥያቄ ከዚህ ጋር ማምታታት አይገባም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ሲያበቃ ብዙዎች ፕሮግራማቸውንም መለወጥ ግድ የሆነባቸው መሰላቸው፤ ሁለቱ የተለያየ ውሳኔ የሚጠይቁ ናቸው።

እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ጊዜ ምርጫ የማይሰጥ ቀን ይመጣል። ስለ መብራት ኃይል በስሙ በሚጠራ ሰፈር ሆኜ ስለ ቆጣሪ አንድ ነገር ሳልል ብቀር ይቆጨኛል። በዓለም ላይ በሰፊው በሚሠራበት የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ደንብ መሠረት፣ ደንበኛው የሚያስገባው ባለ ሃያ አኃዝ ቁጥር በውስጡ ጊዜ ይዟል። ጊዜው የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ጀምሮ በደቂቃ ሲሆን፣ ለቆጠራው የተመደበው 24 የሁለትዮሽ አኃዝ ብቻ ነበር። ይህም 16,777,216 ደቂቃ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2024 ላይ ያልቃል። ከዚያ ቀን በፊት በየአገሩ በሚልዮን በሚቆጠሩ ቆጣሪዎች ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ቁልፉን የሚለውጥ ቁጥር በሰው እጅ እንዲገባ ሆነ። ያልተደረገለት ቆጣሪ አዲስ ካርድ አይቀበልም። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ሠላሳ ዓመት ሩቅ ነው ብለው አሰቡ እንጂ። በየፕሮግራማችን ውስጥ እንዲህ ያለ የተቀበረ ቀን መኖር አለመኖሩን መርምሮ ማወቅ፣ የመሣሪያውን የልደት ዓመት ከመቁጠር ይበልጣል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ መዝገቡንና መሣሪያውን ለያይተን እንወስን እላለሁ። መዝገቡን ወደ ዩኒኮድና ወደ ግልጽ የቀን አጻጻፍ ለማዛወር የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ዛሬ መጀመር አለበት። ለዚህ ደግሞ የሚያስቸኩለን ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ሰው ነው። የቀድሞውን የፊደል አቀማመጥ የሚያውቁ፣ ይህ ምልክት ከዚያ ምልክት ቀጥሎ ሲመጣ «ጓ» ነው ሲለያይ ግን ሌላ ነው ብለው የሚነግሩን ሰዎች ጡረታ እየወጡ ነው። ጽሑፉ የጠፋበት፣ የሠራውም ሰው አገር ለቆ የሄደበት ፕሮግራም ከሁለት በላይ አጋጥሞኛል። መሣሪያውን በተመለከተ ግን ያ ፕሮግራም እንድንሠራ የማያስችለን፣ ሰዎች በእውነት የሚፈልጉት ነገር እስኪገኝ ድረስ መታገሥ ይቻላል። ሲገኝም በአንድ ቀን ሁሉን መገልበጥ ሳይሆን፣ ከአንዱ ክፍል ጀምሮ፣ አሮጌው ሳይነሣ፣ ወረቀቱ ከወረቀቱ ጋር እየተመሳከረ መሄድ ይኖርበታል። ይህ አካሄድ ወጪው ከፍ ይላል፤ ሁለት ነገር ማስተዳደር አለና። ኃላፊዎችም አይወዱትም፤ የሚመረቅ ነገር ቶሎ አይወጣለትም።

ወደ ቁጠባ ማኅበሩ ልመለስና ላብቃ። ሁለተኛው ሙከራችን በዚህ መንገድ ሄደ። መጀመሪያ ስሞቹን ብቻ ወደ ዩኒኮድ አዛወርን፤ አሮጌው ፕሮግራም ሥራውን ቀጠለ። ስሞቹን ስናዛውር ለፍለጋ እንዲያመች ብዬ ሐን፣ ኀንና ሀን ወደ አንድ፣ ሠንና ሰን ወደ አንድ፣ ዐንና አን ወደ አንድ የሚያመጣ ትእዛዝ ጨምሬ ነበር። ጸሐፊ «ኃይሉ» ብሎ የመዘገበውን ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ሲፈልገው እንዳያጣው ነው። የታተመውን ዝርዝር ለማረጋገጥ አባላቱ በተጠሩ ጊዜ አንዲት እናት፣ ስማቸው ሥላሴ ያለበት፣ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ይህ እኔ አይደለሁም። የእኔ በንጉሡ ሠ ነው» አሉ። ሒሳብ ሹሟም ከአጠገባቸው ቆመው የቁጠባ ደብተሩን ከፍተው አሳዩኝ፤ በንጉሡ ሠ ነበር።

ዛሬ በመዝገቡ ውስጥ ሁለት ዐምድ አለ። በአንደኛው አባሉ እንደ ጻፈው ስሙ ይቀመጣል፤ ማንም ፕሮግራም አይነካውም። በሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግለው ተቀምጧል፤ እርሱም በማንኛውም ወረቀት ላይ አይታተምም። የወለዱ ስሌት ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ አዲሱ መሣሪያ ተዛወረ፤ የአባላት መመዝገቢያው ደግሞ ባለፈው ዓመት። የብድር ዋስትና ክፍሉ ግን እስከ ዛሬ የሚሠራው በቪዥዋል ቤዚክ 6 ነው፤ የአባላቱን ስም ከአዲሱ መዝገብ ስለሚያነብ ሣጥኖቹን ለማየት ብቻ እንዲሆኑ አድርገን ዘግተናቸዋል። አሮጌው ማሽን ከመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር አለ። በየሦስት ወሩ እናበራዋለን።